40 ከ30 የሚያንስበት ሒሳብ

ሰሞኑን ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆነኝ ግራፊክስ ካርድ ፍለጋ አንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ገብቼ ነበር። ባንኮኒው ላይ ሁለት ካርዶች ቀረቡልኝ፦ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ እና አዲስ አርቲኤክስ 4060። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ሻጩ በጥያቄዬ ተገረመ። «ወንድሜ፣ 40 ከ30 ይበልጣል። ሒሳብ ነው እኮ!»

ልጁን አልወቅሰውም። አልዋሸኝም፤ የተነገረውን ነው የነገረኝ። የምወቅሰው ይህን «ሒሳብ» ያስተማረውን የስም አወጣጥ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

3060 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ነበረው። በ2023 የወጣው 4060 ያለው 8 ጊጋባይት ነው። ሜሞሪውን ከቺፑ ጋር የሚያገናኘው መንገድ በአሮጌው 192 ቢት ሲሆን በአዲሱ 128 ቢት ነው። በዚያ መንገድ በሰከንድ የሚያልፈው መረጃ ከ360 ወደ 272 ጊጋባይት ወርዷል። ኩዳ ኮር የሚባሉት የስሌት ክፍሎች እንኳ ከ3584 ወደ 3072 ቀንሰዋል። ያደገው ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ታዲያ አዲሱ የባሰ ነው? አይደለም፤ እውነቱን እንነጋገር። የ4060 ቺፕ በከፍተኛ ፍጥነት ይሠራል፤ ውስጡ ያለው ካሽ ከ3 ወደ 24 ሜጋባይት አድጓል፤ የሚፈልገው ኃይልም ከ170 ወደ 115 ዋት ወርዷል። መብራት ሄደ መጣ በሚልበት ሰፈር፣ በዩፒኤስ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአብዛኛው ጌም ላይም ከታላቅ ወንድሙ ይፈጥናል።

ጣጣው የሚመጣው ሜሞሪው ሲሞላ ነው። አዲሱን ካርድ እጇ እንደፈጠነ ጋጋሪ ቁጠሩት፤ ሞሰቧ ግን ጠቧል። 4ኬ ቪዲዮ በብዙ ኢፌክት ሲደራረብ፣ ወይም 10 ጊጋ የሚፈልግ የኤአይ ሞዴል ሲጫን፣ የእጅ ፍጥነት አያድንም። የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል ወይም ሶፍትዌሩ «ሜሞሪ ሞልቷል» ብሎ ይቆማል። 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመር ነው፤ 3060 ግን በ16። ካርዱን አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካ ሰው ሜሞሪው በሞላ ቁጥር ይህን ልዩነት ያየዋል።

«አንድ ካርድ አይተህ ነው የምትፈርደው?» ለምትሉኝ፣ የኤንቪዲያ ታሪክ ራሱ ይናገር።

ጂቲኤክስ 970 «4 ጊጋ» ተብሎ ተሸጠ። የመጨረሻው ግማሽ ጊጋ ከሌላው እጅግ የዘገየ መሆኑ ታወቀና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው ለአሜሪካ ገዢዎች በካርድ 30 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ጂቲ 1030 በ2017 ወጣ። በዓመቱ በዚያው ስም ሌላ ካርድ መጣ፤ የሜሞሪው ዓይነት ተቀይሮ በሰከንድ የሚያልፈው መረጃ ከ48 ጊጋባይት ወደ 17 ገደማ ወርዷል።

በ2022 «አርቲኤክስ 4080» የተባሉ ሁለት ካርዶች አንድ ላይ ተዋወቁ። ባለ 16 ጊጋው 9728 ኮር ሲኖረው ባለ 12 ጊጋው 7680 ብቻ ነበረው። ገዢው ጮኸ፤ ኩባንያው ባለ 12ቱን ሳይሸጥ ሰረዘው። በቀጣዩ ጥር 4070 ቲአይ ተብሎ በ100 ዶላር ቅናሽ ተመልሶ መጣ። ስም ዋጋ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

3060 ራሱስ የትኛው ነው? ባለ 8 ጊጋ፣ ባለ 128 ቢት 3060 አለ። ስሙን ብቻ አምኖ የገዛ እሱ ሊደርሰው ይችላል።

በጥር 2025 ደግሞ 5070 «የ4090 አቅም በ549 ዶላር» ተብሎ መድረክ ላይ ቀረበ። 4090 16384 ኮርና 24 ጊጋ ሜሞሪ አለው፤ 5070 6144 ኮርና 12 ጊጋ። የተባለው እኩልነት የሚገኘው ኤአይ በመሃል በሚፈጥራቸው ፍሬሞች ሲታገዝ ነው። ጌም ላይ ዓይን ይደለል ይሆናል፤ የኤዲቲንግ ሥራ ግን በተፈጠረ ፍሬም አያልቅም።

«ስፔክ ምን ያደርጋል? የፍጥነት ፈተና ውጤቱን እይ» የሚል ክርክር አለ። ከፊሉ ትክክል ነው። የኮር ብዛት ከትውልድ ትውልድ አይወዳደርም፤ 2080 ቲአይ 4352 ኮር፣ 3070 5888 ኮር አላቸው፤ ጌም ላይ ግን ይቀራረባሉ፤ አቆጣጠሩ ተቀይሯልና። ነገር ግን አብዛኛው ፈተና የሚለካው ጌም ነው። የእናንተ ሥራ ሠርግ ኤዲት ማድረግ ወይም የሕንፃ ዲዛይን ከሆነ፣ ያ ውጤት የሌላ ሰው መልስ ነው።

ወደ እኛ ገበያ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። የቴሌግራም ላፕቶፕ ማስታወቂያዎችን እዩ፦ «8 ጊጋ ግራፊክስ!» ይላል። ዊንዶውስ የራሙን ግማሽ «ለግራፊክስ የሚጋራ» ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ 16 ጊጋ ራም ያለው፣ ራሱን የቻለ ካርድ የሌለው ላፕቶፕም «8 ጊጋ» ሊባል ነው። ካርድ ያለውም ቢሆን፣ የላፕቶፕ 4060 እንደ አምራቹ ፍላጎት ከ35 እስከ 115 ዋት ድረስ ይሠራል። ስማቸው አንድ፣ አቅማቸው የተለያየ።

ይህ የጌመሮች ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚገባ ዕቃ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለአንድ ፍሪላንሰር ካርድ የወራት ቁጠባ ነው። ደረሰኙ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል። በማይመለስ ዕቃ ላይ ያልተሟላ መረጃ መስጠት ንግድ ሳይሆን ቁማር ነው፤ የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ ገዢው ነው።

ሻጮች፦ አራት ነገር ጻፉ። የካርዱን የራሱን ሜሞሪ፣ የመንገዱን ስፋት በቢት፣ ዋቱን፣ ያገለገለ ከሆነ ምን ሲሠራበት እንደቆየ። ታማኝ ሻጭ በዚህ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ገዢዎች፦ «ስንተኛ ትውልድ ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ለእኔ ሥራ ስንት ጊጋ ይበቃል?» በሉ። ከዚያ እነዚያን አራት ነገሮች ጠይቁ። የማይመልስላችሁን ሻጭ ትታችሁ ውጡ።

እኔ ያገለገለውን 3060 ገዛሁ። ባለ 12 ጊጋው መሆኑን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አሰክቼ፣ ቁጥሩን በዓይኔ አይቼ። ሻጩ አሁንም 40 ከ30 ይበልጣል ይላል። ይበልጣል፤ ሜሞሪው ግን 8 ነው፣ 8 ደግሞ ከ12 ያንሳል።