አንድ ጣሳ ስንት ነው?

እስኪ ጓዳችሁን አንዴ ቃኙት። የዱቄት ወተቱ ጣሳ ወተቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ! ዛሬ ቡና ወይም ስኳር ይዞ ተቀምጧል። የቲማቲም ድልሁ ጣሳ ደጅ ላይ ጤናዳም በቅሎበታል። መብራት ባልደረሰበት አገር ኩራዝ ሆኖ ያመሻል። ጠላ ቤት ስንገባም የሚቀርብልን በጣሳ ነው። የተረፈውን «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ይወስደዋል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1810 እንግሊዛዊው ፒተር ዱራንድ ለቆርቆሮ ማሸጊያ የፈጠራ መብት ሲያገኝ ሐሳቡ ምግብ ሳይበላሽ እንዲቆይ ነበር። መክፈቻው እንኳ የመጣው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ በመሮና በመዶሻ ይከፍቱት ነበር። እኛ ግን ባዶውንም ሥራ አላሳጣነውም። ከሥራዎቹ ሁሉ ከባዱ ደግሞ መስፈሪያነቱ ነው።

ቁም ነገራችን እዚህ ላይ ነው። የወር አስቤዛ የሚሸምት ሰው በኪሎ ይገዛል። የዕለቱን ብቻ የሚገዛ ግን ምስሩንም ሽሮውንም የሚገዛው በጣሳ ነው። ጣሳ ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነው። ቂጡ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ጎኑ የተጨረማመተ ጣሳ አይቼ አላውቅም የሚል ካለ እጁን ያውጣ! እኛ ከሰፈራችን ጉልት የገዛነውን አንድ ጣሳ ምስር ቤት ወስደን በደህናው ጣሳ ብንሰፍረው አፉ ድረስ አልሞላም።

«ሚዛንም እኮ ይሰረቃል» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም ሚዛን ሲሰረቅ የምናስተያይበት ትክክለኛ ኪሎ አለ። ትክክለኛው ጣሳ ግን የት አለ?

ጉልት ሻጮችን ለመውቀስ አንቸኩልም። ብዙዎቹ ከገዢው የማይሻሉ ድሆች ናቸው፤ ሰፍረው ሲያበቁ ምርቃት የሚጨምሩ እናቶችም ሞልተዋል። «ሁላችሁም ሚዛን ግዙ» ማለትም ለተናጋሪው ብቻ ነው የሚቀለው። ይልቅ ወረዳው በየጉልቱ አንድ የጋራ ሚዛን ቢያስቀምጥ ምን ይጎድልበታል? የጠረጠረ ገዢ ከመጣላት ይመዝናል፤ ሐቀኛዋ ሻጭም ከሐሜት ትድናለች።

በትንሹ የሚገዛ ሰው መብቱም ትንሽ ነው ያለው ማነው? ለመሆኑ እናንተ ሰፈር ያለው ጣሳ ቂጡ ደህና ነው?