ዶክተራችን የት ይሠልጥን?



ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የገዢው ወገን ቅስቀሳ ሕንፃ ማሳየት ነው። ሕንፃውን አይተናል። የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ስለ ቡናችን፣ ስለ ኮረሪማችንና ስለ ደናችን የሚመራመረው ዶክተር የት ይሠለጥናል? ግኝቱስ በማን እጅ ይቀራል?

ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር መተባበርን አንቃወምም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን ተቋማት ጋር በሐረና፣ በቦንጋ፣ በያዩና እዚሁ ጎረቤታችን ሸኮ በሚገኘው ብርሃን ኮንትር የጫካ ቡናን ሲያጠና፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ዶክትሬታቸውን ሠርተውበታል። መልካም ሥራ ነው። ግን ደኑን ጠብቆ ላቆየው ገበሬ የተገኘውን በቋንቋው የነገረው ማነው?

የጌሻን ነገር ታውቃላችሁ። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ምድር ወጣ፤ በ2004 ፓናማ ላይ በጨረታ የዋጋ ክብረ ወሰን ሰበረ። ለእኛ የተረፈን ስሙ ነው፤ እሱንም «ጌይሻ» ብለው አጣመውታል።

«አገር ውስጥ አይቻልም» ለሚሉን መልሱ በየጓሯችሁ በቅሏል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲታይ፣ የጅማ ምርምር ማዕከል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከራሳችን ቡና መርጦ አወጣ። ገበሬው 74110፣ 74112 የሚላቸው እነዚያን ነው፤ 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። የውጭ ባለሙያዎችም ነበሩበት፤ ሥራው የተሠራው ግን እዚህ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ከቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተባብሮ መምህራኑን በዶክትሬት አሠልጥኗል።

ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አላት፤ የዩኒቨርሲቲ ግቢም አላት። ሁለቱ በአንድ ከተማ ናቸው። ለትብብር ከዚህ የቀረበ ጎረቤት ከየት ይመጣል?

ፓርቲያችን ድምፃችሁን ካገኘ በመንግሥት ተቋም ስም የሚፈረም የዶክትሬት ሥልጠና ውል ሁሉ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። የመስክና የላቦራቶሪው ሥራ በአካባቢው ይሠራል፤ ከአማካሪዎቹ አንዱ የሚዛን ቴፒ መምህር ይሆናል። የዘር ናሙና የሚወጣው የአካባቢው ሕዝብ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ግኝቱ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች ተጽፎ ለገበሬ ማኅበራት ይደርሳል።

ተምሮ የሚመለሰውንም አንረሳም። ዶክተሩ አዲስ አበባ የሚቀረው ቴፒን ጠልቶ አይደለም፤ ቤት አጥቶ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ናሙናው እየተበላሸበት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው በጀታችን ለመምህራን መኖሪያና ለላቦራቶሪ ጄነሬተር ነው፤ ሌላ ሕንፃ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።