በጀቱ ጸደቀ ከተባለ በኋላስ? የመንግሥትን ገቢና ወጪ ከስደት ሆናችሁ የምትከታተሉበት መንገድ

ሰኔ ማለቂያ ላይ በየዓመቱ አንድ ዜና ስልካችሁ ላይ ይመጣል፤ «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን ያህል ቢሊዮን ብር በጀት አጸደቀ» ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ታልፉታላችሁ። «እኔ እዚህ ሪያድ ኩሽና ውስጥ ቆሜ የመንግሥት በጀት ምን ያገባኛል?» የምትሉም አላችሁ። ያገባችኋል። በምን በኩል እንደሚያገባችሁ፣ እንዴትስ መከታተል እንደሚቻል እንይ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የምትልኩት ሪያል፣ ዲርሃም ወይም ዲናር በቀጥታ የመንግሥት ገቢ ሆኖ በጀት ውስጥ አይገባም። ምንዛሪው ባንክ ይቀራል፣ ብሩ ለቤተሰብ ይከፈላል። መንግሥት ድርሻውን የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድማችሁ ለምታሠሩት ቤት ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከተመዘገበ ነጋዴ በደረሰኝ ሲገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። የ100 ሺህ ብር ዕቃ ከሆነ 15 ሺህ ብር ታክስ አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ደመወዝ ባይከፈላችሁም ግብር ከፋይ ናችሁ። ገንዘቡ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ምክር ቤቱ የሚያጸድቀው ምንድን ነው?

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የፌዴራል መንግሥቱን በጀት የሚያዘጋጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የሚያጸድቀው ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ከጸደቀ በኋላ የበጀት አዋጅ ይሆናል።

ግን ልብ በሉ፣ የጸደቀው እቅድ ነው። እናንተም ኮንትራት ስትፈርሙ እቅድ ታወጣላችሁ፤ «በወር 1,000 ሪያል አገኛለሁ፣ 800 እልካለሁ፣ 200 አስቀምጣለሁ» ትላላችሁ። ደመወዝ ሲዘገይ፣ ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም እቅዱ ይለወጣል። መንግሥትም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ እናንተ የራሳችሁን ገንዘብ ነው የምትለውጡት፣ መንግሥት ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ስለሆነ ለውጡን ማስፈቀድና መጨረሻ ላይ ሂሳብ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ አንድን በጀት ለማወቅ ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል፤ በሰኔ የጸደቀው፣ በዓመቱ መሃል የተጨመረው፣ በመጨረሻ በእውነት የተሰበሰበውና የወጣው። ዜናው ጮክ ብሎ የሚነግረን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የ2017 በጀት ያስተማረን

ለ2017 በጀት ዓመት በሰኔ 2016 የጸደቀው 971 ነጥብ 2 ቢሊዮን ብር ነበር። ክፍፍሉ እንዲህ ነው፦ 451 ነጥብ 3 ቢሊዮን ለመደበኛ ወጪ፣ ማለትም ለደመወዝ፣ ለሥራ ማስኬጃ፣ ለእዳ ክፍያ፤ 283 ነጥብ 2 ቢሊዮን ለካፒታል፣ ማለትም ለመንገድ፣ ለግድብ፣ ለግንባታ፤ 222 ነጥብ 7 ቢሊዮን ለክልሎች ድጎማ፤ 14 ቢሊዮን ደግሞ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ።

በጀቱ ሥራ ላይ መዋል በጀመረ በሦስት ሳምንት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብር በገበያ እንዲመነዘር ተወሰነ። ያኔ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሐዋላ የምትልኩ ሰዎች ለውጡን በዚያው ሳምንት አይታችሁታል። መንግሥትም አይቶታል፤ ግን እሱ ጋ ነገሩ በተቃራኒው ነው የመጣው። ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የውጭ እዳ በዶላር ነው የሚከፈለው። በ57 ብር ሂሳብ የተሠራው እቅድ አልበቃ አለ።

በኅዳር 2017 ምክር ቤቱ ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ድምሩ 1 ነጥብ 55 ትሪሊዮን ደረሰ። ለጭማሪው ከተሰጡት ምክንያቶች መካከል የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ድጎማ፣ የእዳ ክፍያ ይገኙበታል። በሰኔ የተሰማው ቁጥር በአምስት ወር ውስጥ በ60 በመቶ አደገ ማለት ነው። «971 ቢሊዮን» ብሎ ያቆመ ሰው የዓመቱን በጀት አያውቀውም።

ጭማሪ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በሕግ የሚፈቀድ ነው፣ ምክር ቤትም አልፏል። የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ የተጨመረው ገንዘብ ከየት መጣ? ከታክስ፣ ከእርዳታ ወይስ ከብድር? ከብድር ከሆነስ ከማን?

ይህ ጥያቄ በቀጥታ ቤታችሁ ይገባል። መንግሥት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ተበድሮ ሲሸፍን አዲስ ብር ወደ ገበያ ይገባል፣ ዕቃው ግን አልጨመረም። ስለዚህ ዋጋ ይወጣል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም ይህ ብድር አንዱ ነው። ብሔራዊ ባንክ ራሱ በነሐሴ 2015 ባወጣው ፖሊሲ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ካለፈው ዓመት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ የወሰነው ለዚህ ነው። እናንተ የምትልኩት ብር መጠኑ ሳይቀንስ ጤፍ የሚገዛው ካነሰ፣ አንዱ መልስ ያለው እዚህ የጉድለት መስመር ላይ ነው።

በሪያል ለኩት

ለ2018 የጸደቀው በጀት 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከ971 ቢሊዮን ጋር ስታስተያዩት እጥፍ ሆኗል። ሲጸድቅ ዜናው «በታሪክ ትልቁ» ብሎት ነበር፤ በብር ሲቆጠር ያኔ እውነት ነበር።

አሁን እናንተ በየወሩ የምታደርጉትን ምንዛሪ ሥሩ። በሰኔ 2016 በባንክ 1,000 ሪያል ወደ 15 ሺህ ብር ይመነዘር ነበር። በሰኔ 2017 ወደ 36 ሺህ ብር ደረሰ። በዚያው ሂሳብ የ2017ቱ 971 ቢሊዮን ሲጸድቅ ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የ2018ቱ 1 ነጥብ 93 ትሪሊዮን ሲጸድቅ ደግሞ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በብር እጥፍ፣ በዶላር ግን ያነሰ።

ይህ መለኪያ ለሁሉም ነገር አይሠራም። ድሮም የጥቁር ገበያው ዋጋ ከባንኩ በጣም ይርቅ ስለነበር፣ የባንኩ 57 ብር የብርን እውነተኛ አቅም አጋንኖ ነው የሚያሳየው። የመምህር ደመወዝም የሚከፈለው በብር ነው፤ እሱን መለካት ያለባችሁ በጤፍና በዘይት ዋጋ ነው። ለነዳጅ፣ ለመድኃኒት፣ ለውጭ እዳ ግን የዶላሩ ሂሳብ ይሻላል። «በጀቱ አደገ» ሲባል «በምን ተለክቶ?» በሉ።

ሌላው መመልከቻ ድርሻ ነው፤ ምንዛሪ ቢወጣ ቢወርድ ድርሻን አያዛባም። በ2017 መጀመሪያ ከጸደቀው ከእያንዳንዱ 100 ብር 29ኙ ለካፒታል ነበር። በ2018 ወደ 415 ቢሊዮን ስለሆነ ከ100 ብር ወደ 21 ወርዷል። የክልሎች ድጎማም ከ100 ብር 23 የነበረው፣ በ2018 ወደ 315 ቢሊዮን ቢያድግም ድርሻው 16 ብር ገደማ ነው። መደበኛው ወጪ ነው ሰፊውን ቦታ የያዘው። የገጠር መንገድ ወይም የወረዳ ጤና ጣቢያ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ሰው ሊያየው የሚገባ ለውጥ ይሄ ነው።

«የእቅዱን 95 በመቶ ሰበሰብን» ሲባል

የገቢዎች ሚኒስቴር በየጊዜው የሰበሰበውን ይናገራል። ሪፖርቱ ጠቃሚ ነው፣ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ።

አንደኛ፣ የየትኛው እቅድ በመቶኛ ነው? መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ያወጣው እቅድና ምክር ቤት ያጸደቀው የገቢ ግምት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። እቅዱ በዓመቱ መሃል ከተከለሰ ደግሞ በመቶኛው ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ብሩ ግን ያው ነው። የሚኒስቴሩ ገቢ ታክስና ቀረጥ ነው፤ እርዳታና ብድር እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ በመቶኛውን ትታችሁ ብሩን ያዙ፣ ከዚያ በበጀት አዋጁ ላይ ካለው የታክስ ገቢ ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛ፣ «ካለፈው ዓመት በዚህ ያህል ጨመረ» ሲባል የብር መውረድን አስቡ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ቀረጥ የሚሰላው ዋጋው ወደ ብር ተቀይሮ ነው። ያው አንድ ፍሪጅ፣ ያው የዶላር ዋጋ፣ ምንዛሪው እጥፍ ሲሆን ቀረጡም እጥፍ ይሆናል። መንግሥት ብዙ ሰበሰበ፣ ነገር ግን አንድ ፍሪጅ እንኳ አልተጨመረም። የሚከፍለው ደግሞ ዕቃውን የሚገዛው ቤተሰባችሁ ነው።

ሂሳቡን የሚመረምረው ማነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 101 የፌዴራል ዋና ኦዲተርን ሥራ ይደነግጋል፤ የመሥሪያ ቤቶች ወጪ በተፈቀደው በጀት መሠረት መሆኑን መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። የአንድ ዓመት ሂሳብ ሪፖርት የሚቀርበው በተከታዩ ዓመት ማብቂያ ገደማ ስለሆነ ዜናው ሲመጣ ሰው ረስቶታል። አትርሱት፣ ሦስተኛው ቁጥር ያለው እዚያ ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ በየዓመቱ የሚደጋገሙ ቃላት አሉ። «ያልተወራረደ ሂሳብ» ማለት ገንዘቡ ወጥቷል፣ ለምን እንደዋለ ግን ማስረጃ ቀርቦ አልተዘጋም። «ከተፈቀደው በጀት በላይ ወጪ» ማለት ከተፈቀደለት አልፎ አውጥቷል። «ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት» ደግሞ ገንዘቡ ተፈቅዶ ሥራው አልተሠራም። ሦስተኛው ጉዳት የሌለው ይመስላል፤ ግን ያ ያልተሠራ ሥራ የአንድ ቀበሌ የውሃ ቦኖ ሊሆን ይችላል። በምክር ቤቱ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በእነዚህ ግኝቶች ላይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ ይጠይቃል። አንድ መሥሪያ ቤት በተከታታይ ዓመታት በዚያው ጥፋት ከተነሳ፣ ስሙን ያዙት።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ትልቁን ሂሳብ መከታተል ጥሩ ነው፤ ቶሎ የሚጠቅማችሁ ግን የወረዳችሁ በጀት ነው። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የመምህሩ ደመወዝ የሚገኙት በክልልና በወረዳ በጀት ውስጥ ነው። ወረዳዎች በጀታቸውን በቀላል ሠንጠረዥ ለሕዝብ እንዲለጥፉ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ አሠራርም አለ። ካልተለጠፈ ቤተሰባችሁ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ብዙዎቻችሁ «ለትምህርት ቤት ማሠሪያ»፣ «ለመንገድ»፣ «ለአምቡላንስ መግዣ» እየተባለ በዋትስአፕና በቴሌግራም መዋጮ ትጠየቃላችሁ። መዋጮው የተቀደሰ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ግን የወር ደመወዛችሁን ከመላካችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ይህ ሥራ በዘንድሮው የወረዳ በጀት ውስጥ አለ ወይስ የለም?
2. ካለ ስንት ተይዞለታል? እስካሁንስ ስንት ወጣ?
3. የእኛ መዋጮ በጀቱ ላይ የሚጨመር ነው ወይስ የበጀቱን ቦታ የሚተካ? የሚተካ ከሆነ የተረፈው በጀት ወዴት ይዞራል?
4. ገንዘቡ የሚገባው በማን ሂሳብ ነው? በግለሰብ ስም ከሆነ ለምን?
5. ሥራው ሲያልቅ ደረሰኝና ፎቶ የሚልክልን ማነው? መቼ?

መልስ ያለው ሰው በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በግሩፑም ላይ አስቀምጡት።

ለአገር አቀፉ ሂሳብ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አንድ ማስታወሻ ክፈቱ። በሰኔ የጸደቀውን ድምር፣ የካፒታሉንና የክልሉን ድርሻ፣ ጉድለቱን፣ የዚያን ቀን የሪያል ምንዛሪ ጻፉ። በዓመቱ መሃል ተጨማሪ በጀት ከመጣ ከሥሩ ጨምሩ። የኦዲት ሪፖርቱ ሲቀርብ እንደገና ክፈቱት። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ቀጣዩ «በታሪክ ትልቁ በጀት» ሲታወጅ፣ ካለፈው ምን ያህሉ በእውነት እንደተሠራ የምታስተያዩበት ነገር በእጃችሁ ይኖራል።