የዋሽንግተን ውትወታ፦ አድራጊው ሲለወጥ የሚለወጥ ሚዛን

ኢትዮጵያውያን የፖለቲካ ኃይሎች በአሜሪካ ምክር ቤት የሚያካሂዱት ውትወታ፣ በተለምዶ «ሎቢ» የሚባለው፣ የሚወደሰውም የሚወገዘውም በአድራጊው ማንነት እንደሆነ ሦስት ሰነዶች ይመሰክራሉ።

የመጀመሪያው፣ በመስከረም 2000 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤቱ ያሳለፈው ኤች አር 2003 ነው። የቅንጅት ደጋፊዎች እንዲጸድቅ ሲወተውቱ፣ ኢሕአዴግ መራሹ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን የጠበቆች ድርጅት ቀጥሮ ተከላከለ። ረቂቁም ሴኔቱን ሳያልፍ ቀረ።

ሁለተኛው፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. የጸደቀው ኤች አር 128 ነው። አስገዳጅነት ባይኖረውም፣ በውጭ የሚኖሩ የመንግሥት ተቃዋሚዎች እንደ ድል ቆጠሩት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሳይበርድ ኤች አር 6600 ሲቀርብ ግን ሰልፉ ተገለበጠ። ቀድሞ ሎቢስት የቀጠረው መንግሥት አውራ የነበረው የሕወሓት ደጋፊዎች ረቂቁን ደገፉ። 128ን ካወደሱት መካከል ደግሞ 6600ን በሉዓላዊነት ላይ የተቃጣ ጣልቃ ገብነት ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ሁሉም መብቱን ለራሱ አሰፋ፤ ለሌላው አጠበበ።

ጉዳዩ የፖለቲከኞች ብቻ አይደለም። 6600 ከሰብዓዊ ዕርዳታ ውጪ ያሉ የዓለም አቀፍ ተቋማት ብድሮችን አሜሪካ እንድትቃወም የሚጠይቅ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ብድር የሚሠራ የገጠር መንገድና መስኖ ቢስተጓጎል፣ ጫናው የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው፤ ምርት ሲቀንስም የልደታ ሸማች ይጎዳል።

ተመሳሳዩ ሚዛን በአሜሪካም አለ። የ6600 አቅራቢ ቶም ማሊኖውስኪ በ2022 እ.ኤ.አ. የተሸነፉት፣ የምርጫ ክልላቸው ካርታ ለሪፐብሊካኖች ይበልጥ በሚያመች መልኩ ከተከለሰ በኋላ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች ካርታቸውን ለራሳቸው በሚያደላ መልኩ ቀየሩ። ለገለልተኛ ኮሚሽን ሲሟገቱ የኖሩት የካሊፎርኒያ ዴሞክራቶችም የኮሚሽኑን ካርታ ለጊዜው የሚተካ ሌላ ካርታ አቅርበው በሕዝብ ድምፅ አጸደቁ። ሁለቱም ወገኖች የሌላውን ድርጊት ምርጫን መስረቅ፣ የራሳቸውን ግን መከላከል ብለው ጠሩት።

ልዩነቱ በግልጽነቱ ላይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለውጭ መንግሥት ወይም ፓርቲ የሚወተውት ተቀጣሪ ውሉንና ክፍያውን በይፋ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ግብር ከፋይ ተገቢው ጥያቄ «ማን ወተወተ?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «በማን ገንዘብ፣ ምን ተጠየቀ፣ ተቀናቃኝ ቢያደርገውስ እንቀበለው ነበርን?» የሚለውም ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ወገን፣ ስለ ሉዓላዊነትም ሆነ ስለ ሰብዓዊ መብት ሲናገር የሚታመነው በራሱ ደጋፊ ብቻ ይሆናል።