በሬ ሽጦ «ሚሞሪ» መግዛት

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ሰሞኑን እዚሁ ገሱባ አንድ ያስተማርኩት ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። «ቲቸር፣ በሬውን ሸጬ የሚሞሪ ቺፕ አክሲዮን ልገዛ ነው። ትርፋቸው ሰማይ ነክቷል፤ አክሲዮኑ ግን ከትርፉ አንጻር ርካሽ ነው» አለኝ። ማን አለህ? ስለው የቴሌግራም ግሩፕ አሳየኝ። የሚመሩትን ሰዎች ስም እንኳን አያውቅም!

እስቲ ከምናውቀው እንጀምር። ዝንጅብል ሲወደድ ምን እናደርጋለን? ሁላችንም ዝንጅብል እንተክላለን። ምርቱ እኩል ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። ታዲያ በተወደደበት ዓመት የተገኘውን ገቢ አይቶ ማሳውን በዚያ ሂሳብ የሚገዛ ሰው ጎበዝ ነው እንዴ?

ሚሞሪም እንደዚያው ነው። ገበያውን በአብዛኛው የያዙት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው። የአንዱ ቺፕ ከሌላው ብዙ ስለማይለይ ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ዋጋ ሲወጣ ሁሉም ፋብሪካ ያሰፋል፤ ፋብሪካው ዓመታት ፈጅቶ ሲያልቅ ገበያው ይጥለቀለቃል። ኤስኬ ሃይኒክስ እ.ኤ.አ. በ2023 በሥራው 7.7 ትሪሊዮን ዎን ከሰረ፤ በ2024 ደግሞ ከ23 ትሪሊዮን በላይ አተረፈ። ያው ኩባንያ ነው፣ ልዩነቱ የአንድ ዓመት ነው። የጃፓኑ ኤልፒዳማ በ2012 ኪሳራ አውጆ በማግስቱ ዓመት ማይክሮን ገዛው።

ስለዚህ በዚህ ሥራ አክሲዮን «ከትርፉ አንጻር ርካሽ» የሚመስለው ብዙ ጊዜ ትርፉ ጫፍ ሲደርስ ነው። አደገኛው ሰዓትም እሱ ነው።

«የዘንድሮው ግን ሌላ ነው፣ ኤአይ መጥቷል» የምትሉኝ አላችሁ። ፍላጎቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ተፎካካሪን የሚጠራው ራሱ ውድ ዋጋው ነው። ቻይናዎቹም ወደ ገበያው እየገቡ ነው።

ስህተቱ የውጭ አክሲዮን ላይ ብቻ መሰላችሁ? ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር «300 ብር ምን አላት!» ያላችሁኝን አልረሳሁም። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የድርጅቱ 10 በመቶ ነው፤ ሙሉው 1 ቢሊዮን ይሆናል ማለት ነው። በ300 አባዙት፦ 300 ቢሊዮን ብር። መጠየቅ የነበረበት ይህ ነው፦ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ጀምሮ እየተፎካከረ፣ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊዮን የሚያወጣ ትርፍ ለዓመታት ያስገኛል ወይ?

ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ነው። ያልገዛውን ሰው «አልገባውም» ብሎ መስደብ ቀላል ነው። እኔ ግን ዝም ብሎ ያልገዛ ሁሉ ሞኝ ነው አልልም፤ ዝም ብሎ የገዛም ሁሉ ብልጥ አይደለም። ቢያንስ ቴሌ የአክሲዮኑን ብዛትና ዋጋ በይፋ አስቀምጧል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ማስላት ይቻል ነበር። የቴሌግራሙ ግሩፕ ምን አስቀመጠ? የባንክ ሂሳብ ቁጥር ብቻ!

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ድርጅቱ በሙሉ ስንት ተገመተ? ትርፉ በመጥፎው ዓመት ስንት ነበር? የሚሸጥልኝ ሰው ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው? ለአንዱ እንኳን መልስ ከሌላችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩ።

ልጁ በሬውን ገና አልሸጠም። «አስብበታለሁ ቲቸር» ብሎኛል። እባካችሁ እናንተም የምታውቁት ካለ ይህን አሳዩት። በሬው ከተሸጠ በኋላ ምክር አያርስም።