ለባለጸጋው ርስት፣ ለሠራተኛው ኪራይ

ለአሜሪካ ኮንግረስ የዴሞክራቲክ ፓርቲ አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሕዝብ እንደራሴዎችና ሴናተሮች፣

በፌብሩዋሪ 2022 አንድ ጠዋት አንዲት እናት ታክስ ልታሠራ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጣች። ሌሊቱን ፓርኪንግ ስትሠራ አድራ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። ወረቀቶቿን ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና ከመካከላቸው የልጇን አሮጌ ደብተር መዝዛ ገለጠችልኝ። ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 2021 ስድስት መስመር ተጽፏል። በየወሩ ስም አንጻር 550 ዶላር ይላል። ለአራት ዓመቱ ልጇ 300፣ ለዘጠኝ ዓመቷ ደግሞ 250፤ መንግሥት በየወሩ አጋማሽ ባንኳ ያስገባላት የነበረ የልጆች ገንዘብ ነው። በሰባተኛው መስመር ላይ «ጃንዋሪ» ብላ ጽፋለች። አንጻሩ ባዶ ነው።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

ምንም እንዳላጠፋች፣ ሕጉ የወጣው ለአንድ ዓመት ብቻ እንደነበረና ጊዜው እንዳለቀ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ቀን የቆረጠለት ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ጥያቄዋን ለሚመለከተው ለማድረስ ነው። የሚመለከተውም እናንተን ነው።

በአማርኛ መጻፌ አይግረማችሁ። በምርጫ ሰሞን በአማርኛ የታተመ ወረቀት በራችን ላይ ትተዉልናላችሁ፤ ስለዚህ ይህንንም የሚያነብላችሁ አታጡም። ወገኖቼም አብረው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያች እናት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ2001 እና በ2003 የቀነሱት የገቢ ግብር በ2010 መጨረሻ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ሕጉ ራሱ ቀን ቆርጦለት ነበር። ባራክ ኦባማ ሲወዳደሩ፣ በዓመት ከ250,000 ዶላር በላይ ለሚያገኙ ቤተሰቦች ቅናሹ እንደማይቀጥል ቃል ገብተው ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን በኖቬምበሩ ምርጫ ተመታችሁ፤ ሪፐብሊካኖቹም ለባለጸጎቹ ካልተራዘመ ለማንም አይራዘምም ብለው ቆሙ። ሥራ አጥነት ወደ 10 በመቶ ተጠግቶ ነበር። ብዙዎቻችን አንኢምፕሎይመንት የምንለው የሥራ አጥ ድጎማ ሊቋረጥባቸው በቋፍ ላይ ያሉ ሰዎች ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ዲሴምበር 6 ቀን ኦባማ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር መስማማታቸውን አስታወቁ።

ያን ጊዜ ታክሲ ነበር የምነዳው። ዲሴምበር 10፣ አርብ ዕለት፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ የቬርሞንቱ ሴናተር በርኒ ሳንደርስ ስምምነቱን እየተቃወሙ ሲናገሩ በሬዲዮ ሰማን። ተራዬ ደርሶ ሰው አድርሼ ስመለስም አልጨረሱም ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ቆመው ነው የተናገሩት። ሾፌሮቹ ተከራከርን። እውነቱን ልናገርና እኔ ስምምነቱን ከደገፉት ወገን ነበርኩ። ጎረቤቴ ከሆቴል ሥራው ከተቀነሰ ስምንት ወር አልፎት ነበር፤ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ድጎማው ቢቆም የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት አልነበረውም። ለእሱ ስል የሚሊየነሩን ቅናሽ ዋጥ አደረግሁት። እናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ ዋጥ አድርጋችሁ ድምፅ እንደሰጣችሁ አምናለሁ፤ ስለዚህ መስማማታችሁን እንደ ኃጢአት አልቆጥርባችሁም።

ያስቆጨኝ በኋላ ቁጭ ብዬ ስምምነቱን ሳነበው ነው። የገቢ ግብሩ ቅናሽ ለሁለት ዓመት ተራዘመ። የሥራ አጡ ድጎማ ለ13 ወር። ከሠራተኛው ደመወዝ ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚቆረጠው ከ6.2 ወደ 4.2 በመቶ ዝቅ አለ፤ ለአንድ ዓመት። ውርስ ላይ ደግሞ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ግብር እንዳይነካው ተደረገ።

ያ የሁለት በመቶ ቅናሽ ለሠራተኛው የተሰጠ ድርሻ ተብሎ ነው የተነገረን። ነገር ግን ቦታውን ያስለቀቀው አንድ ሌላ ቅናሽ ነበር፤ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ እስከ 400 ዶላር የሚያገኝበት። በዓመት 15,000 ዶላር የምታገኝ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በፊት 400 ታገኝ ነበር፣ በአዲሱ ግን ሁለት በመቶው 300 ብቻ ሆነላት። 106,800 ዶላር የሚያገኘው ደግሞ 2,136 ዶላር አተረፈ። ጎረቤቴን ላድን ብዬ የደገፍኩት ስምምነት ከእሱም በታች ያለችውን ሴት 100 ዶላር ቀንሶባት ነበር። በጊዜው ይህን የነገረን አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ሁለት ዓመቱ ሲሞላ፣ በ2013 የመጀመሪያ ቀናት፣ እንደገና ተስማማችሁ። ያላገባ ሰው ከ400,000፣ ባልና ሚስት ከ450,000 ዶላር በላይ ባለው ገቢያቸው ላይ ወደ ድሮው 39.6 በመቶ እንዲመለሱ አድርጋችኋል፤ ይህን አልክድም። ከዚያ በታች ያለው የቡሽ ቅናሽ ግን ቋሚ ሆነ። የውርሱ 5 ሚሊዮንም ቋሚ ሆነ፣ ከዋጋ ንረት ጋር እያደገ እንዲሄድ ጭምር። እስከዚያ ተራዝሞ የቆየው የሠራተኛው ሁለት በመቶ ግን ያለ አንዳች ግርግር ቀረ፤ 30,000 ዶላር ለምታገኝ ሴት በዓመት 600 ዶላር ማለት ነው። የሥራ አጡ ድጎማ አንድ ዓመት ብቻ ተጨመረለትና ዲሴምበር 28 ቀን 2013፣ ከፈረንጆቹ ገና ሦስት ቀን በኋላ፣ 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በአንድ ጊዜ ተቋረጠባቸው።

በአገሬ ገበሬው ርስትን ከኪራይ ለይቶ ያውቃል። ርስት ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፤ በኪራይ የሚያርስ ሰው ግን የሚቀጥለውን ክረምት እዚያው ማሳ ላይ ማረሱን እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ ዛፍ አይተክልበትም፣ እርከን አይሠራበትም። የምታወጧቸውን ሕጎች እንደዚህ አድርጌ ነው የማነባቸው። ባለጸጋው በርስት ይዟል። ያቺ የፓርኪንግ ሠራተኛ በየዓመቱ ውሏ ያልቃል፤ ባለቀ ቁጥርም እንደ አዲስ ደጅ ትጠናለች።

ሽምግልናን ደግሞ ከልጅነቴ አይቼዋለሁ። ሽማግሌ ሲያስታርቅ ሁለቱም ወገን ጥቂት ይጎድልበታል፣ ቅር ብሎትም ይነሣል። ለአንዱ ለዘለዓለም፣ ለሌላው እስከ መጪው ፋሲካ ብሎ የሚፈርድ ሽማግሌ ግን ሁለተኛ አይጠራም።

የ2017ቱ የሪፐብሊካኖች ሕግ የኩባንያዎችን ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ ሲያወርድ ቀነ ገደብ አላስቀመጠለትም። የግለሰቦቹ ቅናሽ በአብዛኛው በ2025 እንዲያበቃ ተደረገ። ያን ሕግ አልደገፋችሁም። በ2021 ግን ሥልጣኑ በእጃችሁ ነበር፤ ለልጆች በየወሩ የሚከፈለውን ገንዘብ ያወጣችሁት ብቻችሁን ነው፣ የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ የሰጣችሁትም እናንተው ናችሁ። በኋላ ይራዘማል ብላችሁ ተስፋ አደረጋችሁ። ሴኔቱ 50 ለ50 ተከፍሎ ሳለ ከራሳችሁ ወገን የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ጆ ማንቺን አልደግፍም ሲሉ ነገሩ በዚያው ቀረ። የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የመንግሥትን ድጎማ ጨምሮ በሚያሰላበት መለኪያ የልጆች ድህነት በ2021 5.2 በመቶ ነበር። በ2022 12.4 በመቶ ሆነ። ለደብተሩ ሰባተኛ መስመር ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

በ2025 የሆነውን ታውቁታላችሁ። የሪፐብሊካኖቹ አዲስ የግብር ሕግ በሴኔት 51 ለ50 አለፈ፣ ከእናንተ አንድም ድምፅ አላገኘም፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን ፈረሙት። የ2017ቱን የገቢ ግብር መጠኖች ቋሚ አደረገ። አንድ ሰው ያለ ግብር የሚያወርሰው ሀብት ከ2026 ጀምሮ 15 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል፣ ለባልና ሚስት 30 ሚሊዮን፤ ማብቂያ ቀን የለውም። በ2001 ይኸው ልክ 675,000 ዶላር ነበር። ለሠራተኛው የተሰጠው የቲፕና የኦቨርታይም ቅናሽ ግን ከ2025 እስከ 2028 ብቻ ነው።

ዘንድሮ ታክስ ሊያሠራ የመጣ አንድ የታክሲ ሾፌር ስለ ቲፑ ቅናሽ ሰምቶ ደስ ብሎት ነበር። ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሲጠይቀኝ ወረቀቱን ዞር አድርጌ ዓመቱን አሳየሁት። ልጁ በ2028 ዩኒቨርሲቲ እንደምትገባ ነገረኝና ሌላ ነገር አላወራም።

ይኸው ሕግ ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ ገና ያልደረሳቸውን ሰዎች ፉድ ስታምፕ ከልክሏል። እነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ መስጊዳችን ውስጥ አብረውን ያሉ ናቸው። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ሐዋላ መስኮት የሚሄድ ሰው ከሚልከው ላይ አንድ በመቶ ይከፍላል። ለእናቱ 200 ዶላር የሚልክ ሾፌር ሁለት ዶላር ይጨምራል። በባንክ ሂሳቡ ወይም በዴቢት ካርዱ የሚልክ አይከፍልም፤ የሚከፍለው የቀኑን ሥራ በጥሬ ገንዘብ የሚቀበለው ነው። ይህ ግብርም ማብቂያ ቀን አልተጻፈለትም።

ለጤና ኢንሹራንስ የተጨመረው ድጎማም ከ2021 ጀምሮ እናንተ ያወጣችሁት ነው፤ እሱንም በ2025 መጨረሻ እንዲያበቃ አድርጋችሁ ጻፋችሁት። ለእሱ ስትሉ መንግሥት 43 ቀን ተዘጋ። ከመካከላችሁ ጥቂት ሴናተሮች ተስማምተው ሲከፈት ድጎማው በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም። ያን ጊዜ የመንግሥት ደመወዝ የቆመባቸው ደንበኞች ነበሩኝ፣ ስለዚህ በመከፈቱ አልከፋኝም። የከፋኝ በራሳችሁ እጅ ቀን ለቆረጣችሁለት ነገር ያን ያህል ሰው መራቡ ነው።

የሠራተኛውንም ቅናሽ ቋሚ ለማድረግ በጀቱ አይፈቅድም፣ የሴኔቱ ደንብ አይፈቅድም፣ ድምፅ አይበቃንም እንደምትሉ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ግን አድርጋችሁታል። በዲሴምበር 2015 ሪፐብሊካኖቹ ለኩባንያዎች የምርምር ወጪ የሚሰጠውን ቅናሽ ቋሚ ለማድረግ ፈለጉ። እናንተም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወላጆችና ሠራተኞች የሚሰጠው የተሻሻለ ድጋፍ አብሮ ቋሚ ይሁን አላችሁ። ሁለቱም ሆነ። ኮንግረሱ በሁለቱም ምክር ቤት በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር። በየዓመቱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ለደንበኞቼ የምሞላው አንዱ ቅጽ በዚያ ስምምነት ቋሚ የሆነው ድጋፍ የሚጠየቅበት ነው፤ ዘንድሮ ይኖር ይሆን ብሎ የሚጨነቅበት ሰው አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለ ስምምነት ይቻላል ማለቴ በዓይኔ ስላየሁት ነው።

ዲሴምበር 31 ቀን 2028 የቲፑና የኦቨርታይሙ ቅናሽ ያበቃል። ያ ዓመት የምርጫ ዓመት ነው። እንደ 2010ሩ ሁሉ የሠራተኛውን ጥቂት ዶላር መያዣ አድርገው ለባለጸጋው ሌላ ርስት የሚጠይቁ ይመጣሉ። ገና በዓል ይደርሳል፣ ሰዓት ያልቃል፣ ለሌላ አንድ ዓመት ብቻ እናራዝመው የሚል ሐሳብ ይቀርብላችኋል። እኛም በታክሲ ተራው ላይ እንደገና እንከራከራለን፤ እንደገናም ሥራ ያጣ ጎረቤት ይኖረናል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ለድርድር ስትቀመጡ ከዶላሩ በፊት ቀኑን ተመልከቱ። በሚቀርብላችሁ ወረቀት ላይ ለባለጸጋው የተጻፈው ዕድሜና ለሠራተኛው የተጻፈው ዕድሜ እኩል ካልሆነ፣ እባካችሁ ድምፃችሁን አትስጡበት።

ከአክብሮት ጋር፣
ታክስ የሚሠራ፣ ግብሩንም የሚከፍል ዜጋ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ