የተቃጠለው ደሴትና የወይኑ ቦታ

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት አያያዝ ስንጨዋወት ቈይተናል። ዛሬ ግን ከደጃችን ወጣ ብለን፥ በባሕር ማዶ ስላየሁት አንድ ደሴት ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ደሴቱ በግሪክ አገር በኤጂያን ባሕር መካከል የሚገኘው ሳንቶሪኒ ነው። የአገሩ ሰዎች በጥንቱ ስሙ ቲራ ይሉታል፤ ሳንቶሪኒ የሚለው ስም ግን ከኢጣልያ በኩል ከመጡ ሰዎች የተገኘ ሲሆን፥ ቅድስት ኢሪኒ ማለት ነው። ኢሪኒ በግሪክኛ ሰላም ማለት ስለ ሆነ፥ ከሥሩ እሳት ለሚነድ አገር እንዲህ ያለ ስም መሰጠቱ ሳያስደንቀኝ አልቀረም።

ታናሽ ወንድሜ በአቴና ከተማ ኑሮውን ከመሠረተ 12 ዓመት ሆኖታል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ እርሱን ለመጠየቅ ሄጄ ሳለሁ፥ ደስ የሚያሰኘኝ መስሎት ሳያማክረኝ ለነሐሴ 8 ቀን የጕብኝት ቲኬት ለሁለታችን ገዛ። ዝርዝሩን ሲያነብልኝ፥ ከጧት ጀምሮ በአስጐብኚ እየተመሩ የእሳተ ገሞራውን ኮረብታ መውጣት፥ ከቀትር በኋላም የወይን ቦታ ጐብኝቶ የአገሩን ወይን ጠጅ መቅመስ የሚል ነበር።

«ነሐሴ 8 እኮ ፍልሰታ ነው» አልሁት።

«አውቃለሁ ጋሼ። አንተ ትጾማለህ፥ እኔ እቀምስልሃለሁ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ውዳሴ ማርያምን ያስጠናሁት ልጅ ጾሙን እንደ ቀልድ ሲያነሣው ሰምቼ ከፋኝ። ምንም ባልመልስለትም፥ ኵርፊያዬ ከአቴና እስከ ደሴቱ ድረስ አብሮን ተሳፈረ።

የደሴቱ ዋና ከተማ ፊራ ከባሕሩ በላይ ቀጥ ብሎ በቆመ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ነው። ከከተማው ወደ አሮጌው ወደብ ለመውረድ በሽቦ የሚንጠለጠል ሠረገላ አለ፤ በቅሎም ይከራያል። እኛ ግን 588ቱን የድንጋይ ደረጃ በእግራችን ወረድን። እግረ መንገዴን አንድ ምክር ልስጥ፤ ደረጃው የበቅሎ እግር ያለሰለሰው ስለ ሆነ፥ የከተማ ጫማ አድርጎ የሚወርድ ሰው ከግድግዳው ባይርቅ ይሻለዋል። በዚያ ሙቀት ከባድ ሰው ተሸክመው የሚወጡትን በቅሎዎች ማየት ግን ለእኔ ደስ አላሰኘኝም።

ዝቋላን የወጣችሁ አንባብያን የቦታውን አሠራር በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ዝቋላ ጥንት እሳት የተፋ ተራራ ሲሆን፥ በአናቱ ላይ ያለው ጕድጓድ ውሃ ቋጥሮ ሐይቅ ሆኗል። በሳንቶሪኒ ግን የተራራው መካከል ተንዶ ስለ ሰጠመ፥ ባሕሩ ራሱ ወደ ጕድጓዱ ገብቶ ሞላበት። የቀረው የተራራው ከንፈር ብቻ ነው፤ ሰዎችም በዚያ ከንፈር ላይ ነጫጭ ቤቶችና ጕልላታቸው ሰማያዊ የሆነ አብያተ ክርስቲያናት ሠርተው ይኖራሉ። የታላቁ ፍንዳታ ጊዜ ከዛሬ 3,600 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። በዚያን ጊዜ በአመድ ተቀብራ የኖረችውን የአክሮቲሪን ከተማ፥ ስፒሪዶን ማሪናቶስ የተባለው የግሪክ ሊቅ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1967 ጀምሮ አስቈፍሮ ባለፎቅ ቤቶቿን በግድግዳ ሥዕላቸው እንደ ተዋቡ አገኛቸው። በቤቶቹ ውስጥ ግን እሳቱ የገደለው ሰው ዐፅም አልተገኘም። ምድር አስቀድማ ተንቀጥቅጣ ስላስጠነቀቀቻቸው ሳይሸሹ አልቀሩም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጀልባችን በባሕሩ መካከል ካለችው ኔያ ካሜኒ ከምትባል ትንሽ ደሴት አደረሰችን። ትርጓሜው «አዲሲቱ የተቃጠለች» ማለት ሲሆን፥ በአጠገቧም ፓሊያ ካሜኒ የምትባል «አሮጌይቱ የተቃጠለች» አለች። አዲሲቱ ከባሕር ብቅ ያለችው ከ1707 እስከ 1711 በቈየው ፍንዳታ ነው፤ ከዚያም ወዲህ እሳቱ እየደጋገመ ያሳደጋት ሲሆን፥ ለመጨረሻ ጊዜ የተፋው በ1950 ነው። ከፍታዋ 130 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ተራራ መባሏ ለእኛ ለደገኞቹ የሚያሥቅ ነው። ነገር ግን አንድ የጥላ ዛፍ የሌለባት፥ ድንጋይዋ እንደ ከሰል የጠቈረ ስለ ሆነች ፀሐዩ ከላይም ከታችም ያቃጥላል። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ቢሆንም፥ በአፌ ውሃ ሳልቀምስ ስወጣው ረዘመብኝ። አስጐብኚያችን አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ ላቤን አይታ ውሃ ዘረጋችልኝ። በእጄ ምልክት አመስግኜ መለስሁላት። ወንድሜም «እዚህ ብትወድቅ ማን ይሸከምሃል?» ብሎ ተቈጣ። ቍጣው ከፍቅር መሆኑን ባውቅም፥ ያን ጊዜ ግን እልኼን አባሰው እንጂ አላበረደውም።

ከላይ ስንደርስ ከጕድጓዱ ጠርዝ ስንጥቅ ውስጥ እንፋሎት ይወጣል፤ የድኝ ሽታም ያፍናል። አስጐብኚዋ ጐንበስ ብለን መሬቱን በእጃችን እንድንነካ አዘዘችን። እንደ ምጣድ አያቃጥልም፤ ነገር ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንደሚቈይ የምድጃ ድንጋይ ይሞቃል። ቀጥላም በዚያው ዓመት የሆነውን ነገረችን። በ2025 ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ምድር በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ተንቀጠቀጠች፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ11,000 የሚበልጡ ሰዎችም በመርከብና በአውሮፕላን ከደሴቱ ወጡ። የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከባሕሩ ወለል ሥር የቀለጠ ዐለት ቦታ ሲለውጥ እንደ ነበር ደርሰውበታል። ይህን ስትናገር ወንድሜ ወደ እኔ ዞር አለ። በዚያው ሰሞን በአገራችን በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ስትናወጥ፥ የአዋሽ ፈንታሌ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ፥ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን፥ እርሱ ከአቴና ሌሊት እየደወለ «ልጆቹን ይዘህ ውጣ» ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ እኔ «ምንም የለም፥ ተኛ» እያልሁ አረጋጋው ነበር። ለካ በአጠገቡ በሌላ ባሕር ላይ ያንኑ የመሰለ ጭንቀት ነበረ!

ከዚያ ስንወርድ ጀልባዋ ወደ ፓሊያ ካሜኒ ወሰደችን። ሌሎቹ ጐብኚዎች ከምድር ሥር ሞቆ በሚወጣው ውሃ ሲዋኙ፥ እኔ በዳር ካለችው የቅዱስ ኒቆላዎስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አንጻር ተቀምጬ ቈየሁ።

አሁን ወደ ወይኑ ቦታ እንሂድ፤ ስለዚህ ጕዳይ ብዙ የምለው አለኝና። አውቶቡሱ ከወይኑ ቦታ ሲያደርሰን በእኛ አቈጣጠር ዐሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ የወይን ቦታ አልመሰለኝም። እኛ የምናውቀው ወይን በእንጨት ተደግፎ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። በዚያ ግን ሐረጉን እንደ ቅርጫት ክብ አድርገው ጠምዝዘው መሬት ላይ ያስተኙታል፤ ዘለላውም በቅርጫቱ ውስጥ፥ እንቍላል በወፍ ጎጆ እንደሚቀመጥ ተሸሽጎ ይበስላል። ምክንያቱም የባሕሩ ነፋስ ቅጠሉን እንዳይቀጠቅጠው፥ ፀሐዩም ፍሬውን እንዳያቃጥለው ነው። በበጋቸው ወራት ዝናብ ከቶ የለም ማለት ይቻላል። ወይኑ የሚጠጣው ሌሊት ከባሕር የሚነሣውን ጉም ነው፤ እሳተ ገሞራው የተፋው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ያን እርጥበት ቋጥሮ ያቈይለታል።

ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ የሥሩ ነገር ነው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች ጥቃቅን ተባይ የአውሮጳን ወይን ሥሩን እየበላች አጠፋችው። ፈረንሳይና ሌሎቹም አገሮች ወይናቸውን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ እያዳቀሉ እንደገና መትከል ግድ ሆነባቸው። የሳንቶሪኒ መሬት ግን አሸዋና አመድ እንጂ ሸክላ የሌለበት በመሆኑ ተባይቱ ልትኖርበት አልቻለችም። ስለዚህ ወይኑ እስከ ዛሬ በገዛ ሥሩ ላይ ቆሞአል። ግንዱ ሲያረጅ ከሥሩ ይቈርጡታል፤ ከአሮጌው ሥርም አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። እንዲህ እየሆነ ሥሩ ብዙ መቶ ዓመት ይኖራል። አገሩን ያጠፋው አመድ፥ የአገሩን ወይን ጠባቂ ሆነለት ማለት ነው።

የወይኑን ቦታ ያስጐበኙን አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው፤ ንግግራቸውን ወንድሜ ይተረጕምልኝ ነበር። በሐምሌ 1956 በደረሰው ታላቅ የምድር መናወጥ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ የአባታቸው ቤት እንደ ፈረሰ፥ ብዙው ጎረቤታቸውም ወደ አቴና ተሰዶ እንደ ቀረ ነገሩን። አባታቸው ግን ወይኑን ለማን ጥዬ ብለው ቀሩ። ቀጥለው በጣታቸው ከመንገዱ ማዶ አንድ መዋኛ ያለው ነጭ ቤት አሳዩን። «ያ የወንድሜ የወይን ቦታ ነበረ» አሉ። የደሴቱ ወይን ፍሬ ዋጋው በግሪክ አገር ከሁሉ የላቀ ሆኖ ሳለ፥ ዝናቡ በመቅረቱና ሙቀቱ በመበርታቱ በእነዚህ ዓመታት ምርቱ እጅግ አነሰ። ልጆቻቸውም አንድ ክፍል ለእንግዳ ማከራየት ዓመቱን ሙሉ ጐንበስ ብሎ ወይን ከመግረዝ ይሻላል ይሏቸዋል። የደሴቱ ነዋሪ 15,000 ቢሆን ነው፤ እንግዳው ግን በዓመት ከ3 ሚሊዮን ይበልጣል።

ይህን ስሰማ ያደርንበት ክፍል ትዝ አለኝ። በመስኮቱ ሥር፥ በሲሚንቶው ጥግ አንድ ብቻውን የቀረ የወይን ግንድ ነበረ። ጧት ሳየው ለጌጥ የተተከለ መስሎኝ ለወንድሜ እንኳ «እንዴት ያምራል» ብዬው ነበር።

ከጉብኝቱ በኋላ ወደ ማዕዱ ተጠራን። በየሰሃኑ ዐይብና ቲማቲም ቀርቧል። እኔ ዐይቡን ወደ ጎን ሳደርግ ወንድሜ ለሽማግሌው በግሪክኛ አንድ ነገር ነገራቸው። እርሳቸውም አማተቡና ዐይቡን አንሥተው ሄዱ። በማግስቱ የእመቤታችን በዓለ ዕርገት በእነርሱ ዘንድ ይከበር ነበር፤ እኛ የምናከብረው ከሳምንት በኋላ ነው። ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ በሃይማኖት የተለያየንበት ነገር እንዳለ ቢሆንም፥ ያ ሽማግሌ የሚጾመው ለማን እንደ ሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሲመለሱ ፋቫ የሚሉትን የደሴቱን የታወቀ ወጥ አመጡልኝ። እኛ ክክ ወጥ የምንለው ነው፤ ቍርጡን ለመናገር በርበሬ ጐደለው እንጂ ከእናቴ ክክ አልተለየብኝም። «ብላ ጋሼ፥ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቈይቷል» አለኝ ወንድሜ። ሰዓቱን ይቈጥርልኝ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

የወይን ጠጁን ጣዕም እንግዲህ የምነግራችሁ ከወንድሜ አፍ ሰምቼ ነው። አሲርቲኮ ከሚባለው ዘር የተጠመቀው ነጩ ወይን ኰምጠጥ ብሎ በመጨረሻ ጨው ጨው ይላል አለኝ። በመጨረሻ የቀረበው ግን ቪንሳንቶ የሚባለው ነው። ለዚህኛው ዘለላውን ለቅመው ሁለት ሳምንት ያህል ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ጠውልጎ ወደ ዘቢብነት ሲቃረብ ይጨምቁትና ቢያንስ ሁለት ዓመት በበርሜል ያስቀምጡታል። በቀድሞ ዘመን የደሴቱ መርከቦች ይህን ወይን ወደ ሩስያ ይወስዱት ነበር፤ በዚያም አብያተ ክርስቲያናት ለቍርባን ይጠቀሙበት ነበር።

ብርጭቆውን አንሥቼ አሸተትሁት። ቡናማ መልክ አለው። ሽታው ግን ከደሴቱ አንሥቶ ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። እንደምታውቁት በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ነው። እኔም ዲያቆን ሳለሁ በቤተልሔም ሌሊት ተነሥቼ ዘቢቡን አጥቤ፥ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፌ የምጨምቀው እኔ ነበርሁ። ሳልጠጣ መልሼ አስቀመጥሁት።

«ዘቢቡን ሸተተህ አይደል?» አለ ወንድሜ።

«አንተ ደግሞ ይህን ከየት ታውቃለህ?»

«በቤተልሔሙ ደጅ ቆሜ ሁለት ፍሬ ስጠኝ ብዬ ስለምንህ አልነበረም? አልሰጠኸኝም።»

እውነት ነው፥ አልሰጠሁትም። የመቅደስ ነው ብዬ፥ እንዲያውም ተቈጥቼ በብርድ መልሼዋለሁ። ዘቢቡ የመቅደስ ስለ ነበረ ዛሬም ቢሆን ከዚያ አልሰጠውም። ቍጣው ግን የእኔ ነበረ። የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ይህንኑ ነገርሁት፤ እርሱም ብርጭቆውን እያዞረ ዝም ብሎ ሰማኝ።

ልንሄድ ስንነሣ ሽማግሌው ወደ ማስጫው ወሰዱን። ዘለላው በመሬቱ ላይ በረድፍ ተዘርግቶ፥ ከፊሉ ገና አረንጓዴ፥ ከፊሉ ጠቍሮ ተጨማድዷል። አንድ ዘለላ አንሥተው ለወንድሜ ሰጡት። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ፥ ከጠወለጉት ፍሬዎች መርጦ ሁለት ፍሬ በመዳፌ ላይ አኖረልኝ። አንዱን መለስሁለት፤ ፊራ እስክንደርስም በዚያች ቤተልሔም ደጅ ስለ ነበረው ብርድ ስንጨዋወት ሄድን።